ሴሎቹ ወደዱት

ሰኞ 4

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ማግኒዚየም ነው። ባለፈው ዓመት ዚንክ ነበር፣ ከዚያ በፊት ብረት። በዚህ አያያዜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ምድር ውስጥ ያለውን ማዕድን ሁሉ ለሴል ሳጎርስ እኖራለሁ።

ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ ገዝቶ የሚውጠው የማግኒዚየም ኪኒን አለ። የሚያመርተው ኩባንያ ለጡንቻ ይበጅ እንደሆነ በሰው ጡንቻ ሴል ላይ እንድንሞክርለት ሁለት ካርቶን ልኮልናል። ሴሎቹን ሳህን ላይ አሳድጋለሁ፤ ለግማሾቹ ኪኒኑን ፈጭቼ፣ በጥብጬና አጥልዬ ጥቂትም ብዙም እየለካሁ እሰጣለሁ፤ ለግማሾቹ ምንም አልሰጥም፤ ከዚያ ማን ደህና እንደሆነ አያለሁ። አለቃችን ፕሮፌሰሩ ውጤቱን ለነገ ይፈልገዋል። ሁሉንም ነገር ለነገ ስለሚፈልግ ከኋላው ስሙ «ለነገ» ነው። የኩባንያው ሰዎች የሚመጡት ግን በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ነው።

ሴሎቹ የሚኖሩበትን የሙቀት ሣጥን ጋዝ ቀየርን። የጥገናው ሰውዬ ስላልመጣ እኔና ጠብታ ራሳችን ገጠምነው። ጠብታ አጠገቤ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው፤ ፈሳሽ ሲለካ ትንፋሹን ስለሚይዝ ነው ስሙ የወጣለት። ከገጠምን በኋላ ውስጡን በሌላ መለኪያ ማመሳከር ነበረብን፤ መለኪያውን ግን የታችኛው ፎቅ ሰዎች ተውሰውታል። በሩ ላይ ያለው የጋዝ መጠን ቁጥር አምስት ይላል። የሚፈለገውም አምስት ነው። ይበቃል ተባባልን።

ሌሊት እማዬ ባቷን ሸምቅቆ ይዟት ስትጮህ ነው የነቃሁት። እያሸሁላት አነጋን። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ስተኛ ዋልኩ።

ሐሙስ 7

በጥድፊያ። ሴሎቹ እንደሚፈለገው ሳህኑ ላይ ተጣብቀዋል። ኪኒን ፈጨሁ፤ ጋዋኔ ሁሉ ዱቄት ሆነ። ኪሱም ተቀዷል።

እማዬ ትናንትም አልተኛችም። ከተከፈተው ካርቶን አንድ ብልቃጥ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ማታ ማታ አንድ ፍሬ። ሐኪሟ ባለፈው ጊዜ ኩላሊቷ ትንሽ ደክሟል ብሎ ነበር፤ ብልቃጡ ላይም ስለ ኩላሊት በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ትንሽ የደከመ ኩላሊት። እዚህ ቤት ያልደከመ ማን አለ?

እሑድ 10

ሴል እሑድ አያውቅም። ጠዋት ሄጄ ፈሳሻቸውን ቀየርኩላቸው። የምንቀልባቸው ፈሳሽ ሲቀዳ ሮዝ ነው፤ በልተው ሲያቆሽሹት ወደ ቢጫ ይሄዳል። ኪኒን ያላገኙት ሳህኖች ቢጫ ሆነው ጠበቁኝ። ኪኒን ያገኙት አሁንም ሮዝ ናቸው። ቢጫ ማለት በልተዋል ማለት ነው፤ እንግዲህ እነዚህ ሆዳሞች ናቸው አልኩና ሞልቼላቸው ወጣሁ። ሕንፃው ውስጥ ከኔና ከዘበኛው በቀር ሰው አልነበረም።

ቤት ስደርስ እማዬን ሌሊቱ እንዴት እንደነበር ጠየቅኳት። «ደህና ነኝ፤ ደህና ተኛሁ» አለችኝ። እውነትም ድምፅዋን አልሰማሁም። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ።

ማክሰኞ 12

ታየ! ኪኒን ያላገኙት ሴሎች እየሞቱ ነው። ተኮማትረው፣ ከሳህኑ ተላቀው ይንሳፈፋሉ። ያገኙት ግን ረዝመው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ እንደ ደህና ጡንቻ ሆነዋል። ብዙ ያገኙት ደግሞ ከሁሉ ይሻላሉ። እሑድ ሆዳሞች ያልኳቸው ናቸው እንግዲህ የሞቱት። በልቶ የሚሞት ሞልቷል።

ለነገ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ አልነሳ አለ። «ይሄ እኮ ዝም ብሎ ውጤት አይደለም!» አለ። «በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ ልዩነት አላየሁም። ፎቶውን ለነገ አድርሺልኝ።» ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስሠራ ትከሻ እንዳለኝ ያወቀ አይመስለኝም ነበር።

ወደ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ መጠበቅ አቃተኝ። እማዬ ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ ነበር። «እማዬ፣ ሴሎቹ ወደዱት!» ብዬ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ምን እንደወደዱ ገብቷትም ሳይገባትም ሳቀች። «ያንቺ ሴሎች ከወደዱት እኔም ወድጄዋለሁ» አለች።

ኪኒኑን ሁለት አደረግኩላት።

ዓርብ 15

ድጋሚው ሙከራም ያው ሆነ። ያላገኙት ሞቱ፤ ያገኙት ኖሩ።

ጠብታ ከኋላዬ ቆሞ፣ «ይሄ ቢጫ አልበዛም?» አለኝ።

«ሴል ይበላላ!»

«የሞተ ሴል ምን ይበላል?»

«ከመሞቱ በፊት በልቶ ነዋ!»

«የኔዎቹ እዚያኛው ሣጥን ውስጥ እንዲህ አይሆኑም» አለና እጁን ኪሱ ከቶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ አላናገርኩትም። ቀንቶ ነው ብዬ አስቤያለሁ፤ ይህን ስጽፈው በራሴ አፈርኩ። ጠብታ የሚቀና ሰው አይደለም። ቁጣዬ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ደክሞኝ ይሆናል።

ሰኞ 18

ታናሽ ወንድሜ ሾፌር ነው። ማለዳ ወጥቶ ረፋዱ ላይ ለቁርስ ቤት ይመለሳል፤ ስለዚህ የእማዬን ቀን ከኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ዛሬ ማታ በር ላይ ጠበቀኝ።

«እታለም፣ እማዬ ዛሬም ረፋድ ድረስ እንደተኛች ነው ያገኘኋት።»

«ትተኛ ተዋት። የስንት ዓመት እንቅልፍ አለባት።»

«ስቀሰቅሳት እኮ ቶሎ አትነቃም።»

«አንተስ መቼ ቶሎ ነቅተህ ታውቃለህ?»

ሳቀ። በልጅነቱ ውሃ ካልተረጨበት የማይነቃ ልጅ ነበር። እሱ ስቆ ሲገባ እኔ ግን ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ እሷን ጠየቅኳት። «ደህና ነኝ ልጄ» አለች፤ ቃሉን ጎተት አድርጋ። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው እንዲያ ነው የሚናገረው።

ረቡዕ 20

ፎቶ። ሠንጠረዥ። እንደገና ፎቶ። ለነገ ቀለሙን አልወደደውም። ከኩባንያው ስልክ፣ ሦስት ጊዜ። ምሳ የለም። እማዬ ሰላም ናት፣ ተኝታለች። ተመስገን።

ቅዳሜ 23

ዛሬ ቤት ዋልኩ። እማዬ የጋዋኔን ኪስ እሰፋለሁ ብላ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ሰፍታ ነው ያሳደገችን፤ ስፌቷ ከመኪና ስፌት የማይለይ ነው። ዛሬ ግን መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። አንዴ፣ ሁለቴ ሞከረች፤ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ እንደገና ሞከረች። «ዓይኔ ነው» አለች። ክሩን አስገባሁላት። ሰፍታ ስትጨርስ አየሁት፤ ረጃጅም ነው፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። መነጽሯን ለማስቀየር ቀጠሮ መያዝ አለብኝ።

ምሳ ላይ ብዙ አልበላችም። ወንድሜ ማንኪያዋን ስትጥል ሁለት ጊዜ አነሳላትና እኔን እኔን አየኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እንዲህ የሚያይ ሰው አልወድም፤ የሚለው ካለው ይበል።

እርጅና ነው። ጡንቻ በዕድሜ ይከሳል፤ ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያለን መረጃ ደግሞ ብዙ ያገኙት ሴሎች ይበልጥ እንደጠነከሩ ነው የሚያሳየው። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ትወስዳለች። ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። ቀጥሎ፣ «ሥራሽ እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰዎቹ ሊመጡ እንደሆነ፣ ለነገ ስሜን ከስሙ ቀጥሎ እንደሚጽፈው ነገርኳት። አቅፋ ሳመችኝ። ክንዷ ቀለለኝ።

ማክሰኞ 26

ድካም ስንቱን ያሠራል። ትናንት ሳህን አዘጋጅቼ፣ ፈሳሽ ሞልቼ፣ ክዳኑ ላይ ቀኑን ጽፌ ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁ። ሴል ግን አልጨመርኩበትም። ረሳሁት። ዛሬ ጠብታ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጎ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ፣ «ማንን ልትቀልቢ ነው? መንፈስ?» አለኝ። ካኮረፍኩት ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው። ስቄ ስቄ ዓይኔን ስጠርግ ሳህኑን አየሁት።

ቢጫ ነው።

ሴል የለበትም። ማንም አልበላውም። እና ቢጫ ነው። ጠብታም አየው፤ ሳቁን አቆመ።

«ፈሳሹ አሮጌ ይሆናል» አልኩ።

«ትናንት ነው የከፈትሽው።»

«እንግዲያው ጠርሙሱ ነው።»

ጠርሙሱን አንስቶ አሳየኝ፤ ሮዝ ነው። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ገብቼ ነው ያሰብኩበት፤ ወይም ከዓርቡ ጀምሮ የማውቀውን ነገር ዛሬ ለራሴ ነገርኩት። ሣጥኑ ውስጥ ጋዙ ከበዛ ፈሳሹ ይኮመጥጣል። ሲኮመጥጥ ቢጫ ይሆናል፤ ሴልም ኮምጣጣ ውስጥ አይኖርም። ኪኒኑ ደግሞ ኮምጣጣ የሚያበርድ ዱቄት ነው፤ ቃር ያለበት ሰው የሚውጠውም ለዚሁ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሴሎቹን ያኖራቸው ማግኒዚየሙ አይደለም። ተራ ሶዳም ቢሆን ያኖራቸዋል። ሶዳ እንሞክራለን። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይላሉ። የኔ ዓይን ግን አይቷል፤ ልቤ ነው ፊቱን ያዞረው።

ሐሙስ 28

ሶዳ ያገኙት ሴሎች ደህና ናቸው። ረዝመው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው። ያማምራሉ።

ጠብታ መለኪያውን ከታች ፎቅ አምጥቶ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው። በሩ አምስት ይላል። ውስጡ አሥራ ሁለት ነው። ጋዙን ከቀየርን ጀምሮ እዚያ የገባ ሁሉ ሲታፈን ነው የከረመው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሁለታችንም» አለ ጠብታ፣ እኔን ላለማስከፋት። ሮዙን ፎቶ፣ ሠንጠረዡን፣ የለነገን ትከሻ መምታት አሰብኩና መጸዳጃ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

ነገ ለለነገ እነግረዋለሁ። የለም፣ ነገ የለም፤ ስብሰባ አለው። ቅዳሜ።

እማዬ ስገባ ተኝታ ነበር። ቀስቅሼ ሦስቱን ከውሃ ጋር ሰጠኋት። ሙከራው ከሸፈ ማለት ኪኒኑ ይጎዳል ማለት አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። እግሯንም እኮ ትቷታል።

ውሃውን ስትጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ነው የያዘችው።

ቅዳሜ 30

ነገርኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰምቶኝ መነጽሩን አወለቀ። «ሰዎቹ ሰኞ ነው የሚመጡት» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ትኬታቸውን ቆርጠዋል።»

«አውቃለሁ፣ ፕሮፌሰር።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «እስቲ ለነገ ይደር» አለ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለነገ ሲያሳድር አየሁ። አልሳቅኩም።

ወንድሜ ደወለ። እማዬ ከአልጋ ልነሳ ስትል ጉልበቷ ከድቷት ወድቃለች። አልተሰበረችም፤ ግን መቆም አልቻለችም። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። በመኪናው ይዘናት እየሄድን ነው። የምጽፈው የኋላ ወንበር ላይ ነው፣ ራሷ ጭኔ ላይ ነው፤ እጄ ሥራ ካልያዘ

እሑድ 1

የሆስፒታሉ ኮሪደር ረጅም ነው፣ ወንበሮቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይናጋል።

ትናንት የሆነውን ልጻፈው። የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ልቧ ቀስ እያለ ነው፣ የደም ግፊቷ ወርዷል አለችን። «ከታዘዘላቸው መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ምንም የለም» አለ ወንድሜ። እሱ አያውቅም። ብልቃጡ የኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የምሰጣትም እኔ ነኝ።

እኔ ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልጽፍ አስቤ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ። ወንድሜ አጠገቤ ስለነበረ ነው። ሐኪሟ «እርስዎ ምን ይሠራሉ?» ትለኛለች ብዬ ነው። ሐኪሟ ወረቀቷን ሰብስባ መሄድ ጀመረች። በር ላይ ስትደርስ፣ «ማግኒዚየም» አልኩ።

ዞረች። «ስንት?»

«ሦስት ፍሬ። በቀን።»

«ኩላሊታቸው እንደደከመ ታውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ጥሩ ነበር። የደከመ ኩላሊት ማግኒዚየሙን ማስወጣት እንደማይችል፣ ሲጠራቀም ጡንቻን እንደሚያዝል፣ እንቅልፍ እንደሚጥል፣ ልብንም እንደሚያቆም እየሮጠች ነገረችኝ፤ ምንም ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር። ደሟን መረመሩት። ከሚገባው በላይ በጣም ብዙ ነው።

ወንድሜ ከአጠገቤ ተነስቶ ከማዶ ሄዶ ተቀመጠ።

ሰኞ 2

በደም ሥሯ መድኃኒት ይሰጧታል። ካልወረደ ደሟን በማሽን ያጥቡታል። ለሰዓታት ደረቷን አየሁ፤ ይነሳል፣ ይወርዳል። ሰው አንድ ሳህን አይደለም፤ ቢበላሽ ሌላ አይዘጋጅም።

ጠብታ ደውሎ ነገረኝ። ለነገ የኩባንያው ሰዎች ፊት ቆሞ፣ «ያየነው የኪኒኑ ሥራ ሳይሆን የሣጥናችን ብልሽት ነው፤ ያወቀችውም ባልደረባዬ ናት» አለ፤ ስሜንም ጠራ። እኔ ደግሞ እንደሚደብቀው እርግጠኛ ነበርኩ። ሁለት ሌሊት አሳድሮ ተናገረው። እኔ ስንት ሌሊት አሳደርኩ?

ረቡዕ 4

ማሽኑ አላስፈለጋትም። ወርዷል። ጣቶቿን ስይዛት ጨበጠችኝ። ወንድሜ ዳቦና ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አኖረ፤ ሳያናግረኝ። ሻዩን ከቀዘቀዘ በኋላ ጠጣሁት።

ዓርብ 6

ዛሬ ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። ወንድሜ ሥራ ሄዷል። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሣጥኑን፣ ጋዙን፣ ኪኒኑን፣ ኩላሊቷን። «እኔ ነኝ እማዬ፣ እንዲህ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ» አልኩና አለቀስኩ። ፀጉሬን ዳበሰችኝ።

«አይስማማኝም ነበር» አለች።

«ምኑ?»

«ኪኒኑ። ከመጀመሪያው አይስማማኝም ነበር። ስውጠው ሰውነቴ ዝልፍልፍ ይላል፤ ጉልበቴ የኔ አይመስለኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? በየቀኑ ነው እኮ የምጠይቅሽ!»

«አባትሽ ከሞተ ወዲህ ስትዘይ አይቼሽ አላውቅም» አለች። «ያን ዕለት ኩሽና ገብተሽ ‹ወደዱት› ስትዪ ፊትሽ በራ። እንዴት ብዬ እኔ አልወደድኩትም ልበልሽ?»

«እግርሽስ?» አልኳት። «እግርሽን እንኳ ትቶሽ ነበር።»

«መች ተወኝና። አንቺ እንዳትነቂ ትራሱን እየነከስኩ ነበር።»

ማክሰኞ 10

ቤት ነን። ብልቃጡን ለሐኪሟ ሰጥቻታለሁ። ወንድሜ ዛሬ ጠዋት «እታለም፣ ቁልፌን አይተሻል?» አለኝ። ካኮረፈኝ ወዲህ ያናገረኝ ዛሬ ነው፤ ቤቱን ሁሉ ፈለግኩለት።

ላብራቶሪ ሁሉን ከዜሮ ጀምረናል። ሣጥኑ ተስተካክሏል፤ በያንዳንዱ ዙር ሴል የሌለበት አንድ ሳህን እናስገባለን። ጠብታ «የመንፈሱ ሳህን» ይለዋል። ዛሬ ሮዝ ነው። ኪኒን ያላገኙትም ሴሎች ደህና ናቸው። ባገኙትና ባላገኙት መካከል እስካሁን ልዩነት የለም። የጋዋኔን ኪስ ግን አላስፈታሁትም፤ ያ ጠማማ ስፌት እንዳለ አለ።

ትናንት ከመተኛቷ በፊት አስማልኳት። ባትሽን ሲይዝሽ ጩኺ አልኳት፤ ጎረቤት ቢነቃም ጩኺ። «አንቺስ ነገ ሥራ አለሽ» አለች። ጩኺ አልኳት።

ሊነጋጋ ሲል ጮኸች፤ ስሜን እየጠራች። ተነስቼ ሮጥኩ። መብራቱን ሳበራ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። እስኪለቃት ድረስ አሸሁላት።